በረዶው ላብ እስኪያወጣ

ጓደኞቼ ጡሩንባ ነው የሚሉኝ። ዕድሜ ልኬን አውቶቡስ ነድቼ ጡረታ ስወጣ ስሙም ተከትሎኝ ወጣ። እነሱ ግን የአውቶቡሱን ጡሩንባ አይደለም የሚሉት፣ አፌን ነው። ይበሉ፣ አልቀየማቸውም። በሹክሹክታ ማውራት አልችልበትም። ባለቤቴ «አንተ ሰውዬ፣ ምስጢር ስትነግረኝ መጀመሪያ የሚሰማው ጎረቤት ነው» ትለኛለች። ሌላው የምታወቅበት ነገር ሰዓት ነው። በሥራ ዘመኔ አንድም ቀን አርፍጄ አላውቅም። መንገደኛ ሻንጣውን እየጎተተ ሲሮጥ በመስታወት እያየሁት ጥዬው እሄድ ነበር። ሰዓት ሰዓት ነው ባይ ነበርኩ። በዚህ ስኮራ ኖሬያለሁ። ከእንግዲህ ግን ስለ ሰዓት አክባሪነቴ ሳወራ የሰማኝ ሰው ካለ፣ እባኩን አፌን ይያዝልኝ።

የጡረተኞች ክበባችን ከአውቶቡስ ጋራዡ ጀርባ ያለች አንዲት ረጅም ክፍል ናት። ድሮ የጎማ መጋዘን ስለነበረች እስከ ዛሬ ጎማ ጎማ ትሸታለች። ሁለት የዶሚኖ ጠረጴዛ አላት፣ እግሩ በሽቦ የታሰረ አግዳሚ ወንበር አላት፣ የሻይ ማንቆርቆሪያ አላት፣ ወደ ጓሮው የሚያይ አንድ ትልቅ መስኮትም አላት። ያንን መስኮት የምዘጋው እኔ ነኝ። ማን ከፈተው ማን፣ ተነስቼ እዘጋዋለሁ። ንፋስ አንገቴን ከመታኝ ለቀናት እንደ እንጨት ደርቄ ነው የምከርመው። ሰው ሲታፈን፣ መስታወቱ በትንፋሽ ሲጨልም፣ «ኧረ ትንሽ አየር!» ሲሉኝ «አየር የፈለገ ግቢው ሰፊ ነው» እላቸዋለሁ። አንዱ ጉንፋን ይዞ ከመጣ በሳምንቱ ሁላችንም አፍንጫችንን ስንጠርግ እንገኛለን። እሱንም በንፋስ ነው የማሳብበው።

ከመስኮቱ ውጪ ደግሞ ልብስ ሰፊው ይቀመጣል። የሹፌሮቹን የደንብ ልብስ የሚሰፋልን እሱ ነበር፤ ከጎረምሳነታችን ጀምሮ ጓደኛዬ ነው። በኮሮና ጊዜ ሆስፒታል ገብቶ ኦክስጅን ላይ ከርሞ፣ ተስፋ ከቆረጥንበት በኋላ ነው የተመለሰልን። ሳንባው ግን እንደ ድሮው አልሆነም። ደረጃ ሲወጣ ትንፋሹ ያፏጫል። ሐኪሙ «ታፍኖ ሰው ከተሰበሰበበት ቦታ ራቅ፣ ማስክህን አትለይ፣ ሌላ ጉንፋን እንዲያገኝህ አትፍቀድለት» ብሎታል። እሱም ቃሉን አክብሮ ወንበሩን ግድግዳው ሥር ያደርግና፣ ራሱ የሰፋትን ማስክ አጥልቆ፣ በመስታወቱ በኩል ከእኛ ጋር ዶሚኖ ይጫወታል። ጠጠሮቹን ከውስጥ የምይዝለት እኔ ነኝ። በጣቱ ያሳየኛል፣ እኔ አስቀምጥለታለሁ። ሲያሸንፍ በቀለበቱ መስታወቱን ቀጭ ቀጭ ያደርገዋል። ዝናብ ሲመጣ ወንበሩን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ምራቴ፣ የልጄ ሚስት ማለቴ ነው፣ ጤና ጣቢያ ውስጥ ክትባት ክፍል ነው የምትሠራው። ክበቡ ውስጥ ስለ እሷ ያላወራሁት ነገር የለም። «ሲስተር የኔ ናት» እላለሁ፣ እኔ ያስተማርኳት ይመስል። ቤታችን በመጣች ቁጥር መጀመሪያ የምትሠራው ሥራ መስኮት መክፈት ነው። «አባባ፣ አየር ይግባ» ትለኛለች። ጀርባዋን ስታዞር እዘጋዋለሁ። ዘንድሮ «ብርዱ ሳይገባ የክበቡን ሽማግሌዎች የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ልስጣችሁ» አለችኝ። እኛ የጉንፋን መርፌ ነው የምንለው። በተለይ ልብስ ሰፊውን አንስታ «እሳቸውን አንድ ኃይለኛ ጉንፋን ካገኛቸው አይመለሱም» ስትለኝ እሺ አልኳት።

ጓደኞቼን ማሳመን ቀላል እንዳይመስላችሁ። የክበባችን አለቃ ዳኛው ነው። ፍርድ ቤት በደጁም አላለፈ፤ የዶሚኖ ጠብ የሚፈርደው እሱ ስለሆነ ነው ዳኛው የምንለው፣ ከፈረደ ደግሞ ይግባኝ የለም። «ለጉንፋን መርፌ? እኔ አፍንጫዬን ተናፍጬ ነው የማድነው» ብሎ ፈረደ። ሌሎቹም እሱን ተከተሉ። እኔም ሳምንቱን ሙሉ ጮህኩባቸው። ለመንኩ፣ ተሳደብኩ፣ «ልብስ ሰፊውን እዩት፣ እኛ ያልያዝነውን እኮ አይዘውም!» አልኩ። በመጨረሻ ዳኛው ራሱ «ዝም ካልክልን እንወጋለን» አለ። ደረቴን ነፍቼ «ሰኞ ጠዋት ልክ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ትመጣለች። ልክ አልኳችሁ!» ብዬ አወጅኩ።

ሰኞ ሁሉም ተገኘ። ተላጭተው፣ እጀ ጉርድ ሸሚዝ ለብሰው፣ ፈተና እንደሚወስድ ተማሪ ተደርድረው ተቀመጡ። ልብስ ሰፊውም ከመስኮቱ ማዶ የክት ኮቱን ለብሶ ወንበሩ ላይ ነው። ሁለት ሰዓት ተኩል ሆነ። አለፈ። ሲስተር የለችም። ዳኛው ሰዓቱን አየት አደረገና «ጡሩንባ፣ አውቶቡስህ መንገድ ላይ ቀረች እንዴ?» አለኝ። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። እኔ! እኔ ነኝ በማርፈድ የሚሳቅብኝ! ፊቴ እንደ እሳት ነደደ። ስልኬን አወጣሁና ደወልኩ።

«እየመጣሁ ነው አባባ» አለችኝ፤ «በረዶው ላብ እስኪያወጣ እየጠበቅሁ ነው።»

«የምን ላብ! ላብ ያወጣሁትስ እኔ ነኝ!» አልኳት። «ሰው ሰብስቤ መሳቂያ ልታደርጊኝ ነው? ነይ በቃ!»

«ትንሽ ነው የቀረው አባባ፣ ይቅርታ።»

ዘጋሁት። ጥቂት ቆይቼ ደግሜ ደወልኩ። ዳኛው ለመሄድ ያሰበ ይመስል ኮፍያውን ሲያነሳ አየሁና ሦስተኛ ደወልኩ። «ስሚኝ፣ ዛሬ ብታዋርጂኝ ሁለተኛ ቤቴ እንዳትመጪ!» አልኳት። አፌ ያመጣው ነው። ከዚያ ቀጠን ባለ ድምፅ «እሺ አባባ፣ ወጣሁ» አለችኝ። ወደ ጓደኞቼ ዞሬ «ሰው እንዲህ ነው የሚንቀሳቀሰው!» አልኩ። ደግሞ ፈገግ ብያለሁ እኮ።

ሰማያዊውን ሳጥን በትከሻዋ አንጠልጥላ ቁና ቁና እየተነፈሰች ደረሰች። እጇን ታጠበች፣ መስኮቱን ከፈተች፣ ሥራዋን ጀመረች። መጀመሪያ የተወጋሁት እኔ ነኝ። ዳኛው ዓይኑን ጨፍኖ ክንዱን ሰጥቷት ቆየና «ጀመርሽ?» ሲላት «ከጨረስኩ ቆየሁ» አለችው፣ ሳቅን። ወጥታም ልብስ ሰፊውን ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ወጋችው። ስትጨርስ «አደራ፣ ክትባቱ እስኪሠራ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል» አለች። «ከዚያም በኋላ ቢሆን የሚያስለው ሰው ቤቱ ይዋል። መስኮቱ ይከፈት። ጋሼ ልብስ ሰፊው፣ እርስዎ ማስክዎን አይተዉ።» እኔ ይህን በአንድ ጆሮዬ ሰምቼ በሌላው አፈሰስኩት።

ገና ከግቢው ከመውጣቷ መስኮቱን ዘጋሁ። ከዚያ ልብስ ሰፊው ጋ ሄጄ ማስኩን በገዛ እጄ ከፊቱ ላይ አወረድኩለት። «ከእንግዲህ ይቺ ምን ታደርግልሃለች! ተነስ ግባ።»

«ሲስተር እኮ…» አለ።

«ሲስተር የማን ምራት ናት?» አልኩት።

ክንዱን ይዤ አስገባሁት። ሁሉም አጨበጨበለት። አጠገቤ አስቀመጥኩት፣ ጠጠሮቹን ፊቱ ደረደርኩለት። አንዷን አንስቶ በጣቱ ዳሰሳት፣ «በእጄ ከነካሁሽ ስንት ዘመኔ!» አላት፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ። ልቤ በኩራት አበጠ። በማግስቱ ማክሰኞም መጥቶ ውስጥ ዋለ። ዳኛው ከፊት ለፊቱ ተቀምጦ ሲያስል ነበር የዋለው። «ትንታ ነው» ይላል። መስኮቱ ዝግ ነው።

ማክሰኞ አመሻሹ ላይ እራት እየበላሁ ምራቴ መጣች። እንደ ወትሮዋ መስኮት አልከፈተችም። በሩ ጋ ቆመች። ፊቷ አመድ መስሏል።

«ምነው ልጄ፣ ምን ሆነሻል?» አለቻት ባለቤቴ።

«ትናንት የሰጠኋችሁ ክትባት በረዶ መትቶታል አባባ» አለችኝ።

«በረዶ ውስጥ አይደለም እንዴ የሚቀመጠው?»

«ቅዝቃዜ ነው የሚፈልገው፣ እሱ ራሱ በረዶ መሆን የለበትም። በፕላስቲክ የታሸጉት በረዶዎች ከማቀዝቀዣ እንደወጡ ሳጥኑ ውስጥ ከገቡ ክትባቱንም በረዶ ያደርጉታል። ለዚህ ነው ጠረጴዛ ላይ አውጥተን፣ ላብ አውጥተው፣ ስንወዘውዛቸው ውስጣቸው ውሃ እስኪንቦጫረቅ የምንጠብቀው። ትናንት አልጠበቅሁም። ክትባቱን በረዶ ከመታው የምታሳይ፣ ሳጥኑ ውስጥ የምናስቀምጣት ምልክት አለች፤ ከመውጋቴ በፊት ማየት ነበረብኝ፣ በጥድፊያ አላየኋትም። ዛሬ ጤና ጣቢያ ሳጥኑን ሳራግፍ ነው መበላሸቱን ያሳየችኝ።»

«ታዲያ ቀልጦ የለም እንዴ! የወጋሽን እኮ ውሃ ነው፣ በረዶ አይደለም።»

«አንዴ በረዶ ከሆነ አለቀለት። ሲያዩት ደህና ይመስላል። ሰው አይጎዳም፣ ግን አይከላከልም። አልተከተባችሁም ማለት ነው።» ከዚያ መሬት መሬቱን እያየች «ቸኮልኩ» አለች።

ቸኮልኩ። ይህን ብቻ ነው ያለችው። ማን እንዳስቸኮላት አልተናገረችም፣ ቀና ብላም አላየችኝም። በረዶው ላብ እስኪያወጣ ያለችኝ ትዝ አለኝ። እኔ ነኝ። ሦስቴ ደውዬ፣ ቤቴ እንዳትመጪ ብዬ፣ ያንን ሳጥን ያስነሳሁት እኔ ነኝ። ይህን እያወቅሁ ከአፌ የወጣውን ስሙ።

«ካልጎዳ ምን አስነገረው?» አልኳት። «ዝም በይ። ማን ያውቃል?»

«አባባ!»

«ብርዱም ቀላል ሊሆን ይችላል። ስንት ለምኜ፣ ስንት ጮሄ ነው የሰበሰብኳቸው! አሁን የተወጋችሁት ውሃ ነው ስትያቸው ምን ዓይን ይዤ ነው ፊታቸው የምቀመጠው?»

«ጋሼ ልብስ ሰፊው አሉ እኮ አባባ። እሳቸው ተከትቤያለሁ ብለው ቢዘናጉስ?»

«እሱ ውጪ ነው የሚቀመጠው» አልኳት።

እንዲህ አልኩ። ከአንድ ሰዓት በፊት ዳኛው ፊቱ ላይ ሲያስልበት አጠገቡ ተቀምጬ የዋልኩ ሰውዬ፣ ውጪ ነው የሚቀመጠው አልኩ። ምላሴ አልተሳሰረም፣ ምንም አልሆነም።

«እሱስ ተመስገን» አለች፣ ትከሻዋ ትንሽ ዘና አለ። «ቢሆንም ነገ ጠዋት መጥቼ እነግራቸዋለሁ። ለአለቃዬ ነግሬያለሁ፣ ሌላ ክትባት ተፈቅዶልኛል። ከዚያ በኋላ ከክበብ ክበብ እየዞርሽ እንድትከትቢ ላንልክሽ እንችላለን ብለውኛል። ይሁን።»

«አዋረድሽኝ» አልኳት።

«እርስዎ ምን አደረጉ አባባ? የሚዋረደው የኔ ፊት ነው» ብላ ወጣች። እውነት እኔን ለማጽናናት ነበር።

ባለቤቴ ሳህኑን ከፊቴ አነሳች። «አንተ ሰውዬ፣ ስንቴ ደወልክላት?»

«ማን ደወለ አለሽ?»

«እሱን አልጠየቅሁህም። ስንቴ ነው ያልኩህ።»

ተነስቼ ተኛሁ።

ጠዋት አንገቴን አሞኛል አልኩ። ባለቤቴ ፎጣ ወረወረችልኝና «ንፋስ ነው መቼም» ብላ ወደ ገበያ ሄደች። አልጋው አላስቀምጥ አለኝ። ወደ ቀኝ ስዞር ምራቴ ብቻዋን ፊታቸው ቆማ ትታየኛለች። ወደ ግራ ስዞር ልብስ ሰፊው ጠጠሯን ሲዳስስ። እኔ ዘንድሮ እንዲህ ያለ ሰው ነኝ እንዴ? አልኩ። ተነሳሁና ለበስኩ። እገባለሁ ብዬ አልነበረም የሄድኩት፤ ምን እንደሚሉኝ ልስማ ብዬ ነው። በጋራዡ ጀርባ ዞሬ፣ አሮጌ ጎማዎቹን ታክኬ፣ ከክበባችን መስኮት ሥር ከውሃ ቧንቧው ጎን ተጎንብሼ ተሸጎጥኩ። በዚህ ዕድሜዬ፣ እንደ ሌባ! እንዳይሰሙኝ ትንፋሼን ውጫለሁ። መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል። እኔ ስለሌለሁ ነዋ።

ምራቴ ስለ በረዶው፣ ስለ ላቡ፣ ስለ ምልክቷ ለእኔ እንደነገረችኝ ነገረቻቸው። አንዲት ቃል አላጎደለችም፣ ስለኔ አንዲት ቃል አልጨመረችም። «ስህተቱ የኔ ነው፣ ቸኩዬ ነው። ይቅርታ አድርጉልኝ። አዲሱን ክትባት ባልደረባዬ ይዛው ትመጣለች፤ በረዶው ጠረጴዛ ላይ ነው፣ ላብ ሲያወጣ ትነሳለች። እኔ ቀድሜ የመጣሁት ሳትሰሙ እንዳትወጉ ብዬ ነው።»

ዳኛው አሳለ። ቆይቶ «ማን አስቸኮለሽ?» አላት።

አሁን ትናገራለች አልኩ። ብትናገር ደግሞ ምን ይላታል ሰው?

«ማንም» አለች። «ሥራው የኔ ነው። መቼ መውጣት እንዳለብኝ የማውቀው እኔ ነበርኩ።»

አንዱ እግሩን ሲያንቀሳቅስ አግዳሚው ሲጢጥ አለ። ከዚያ ዳኛው «እንግዲያው እኔ ሁለተኛ አልወጋም» አለ። «እዚህ ያመጣን ጡሩንባ ነው። ጡሩንባ ይምጣና ፊታችን ይወጋ፣ ያኔ እኔም እወጋለሁ። ዛሬ የት አለ?»

«አንገቱን አሞት ይሆናል» አለ አንዱ። ማንም አልሳቀም።

«እሱ ካልመጣ እኛም የለንበትም» አሉ ሌሎቹ።

በዚህ መሀል ከሌሎቹ ኋላ የተቀመጠውን ልብስ ሰፊውን አየችው መሰለኝ፣ የምራቴ ድምፅ ተለወጠ። «ጋሼ! እርስዎ ውስጥ ምን ያደርጋሉ? እኔ እኮ ውጪ ነው የሚቀመጡት ተብዬ…» አለችና ቃሏን ዋጠችው። እንደዋሸኋት ሲገባት ነው ዝም ያለችው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

«እኔው ራሴ ነኝ የገባሁት ልጄ» አለ ልብስ ሰፊው። «ጠጠር መንካት አምሮኝ ነው።»

እሱም! እሱም ዋሸልኝ! ከዚያ ወንበር ሲጎተት ተሰማኝ። ልሽሽ ብል ያዩኛል። የፉጨት ትንፋሹ ቤቱን እየዞረ ቀረበኝ። ማስኩን አጥልቆ፣ ወንበሩን አቅፎ ማዕዘኑን ሲዞር ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። አልደነገጠም። ወንበሩን አስቀምጦ ትንፋሹን እስኪሰበስብ ጠበቀ።

«ቦታዬን ይዘህብኛል» አለኝ።

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በሹክሹክታ አወራሁ። «እኔ ነኝ ያስቸኮልኳት» አልኩት።

«እሱንማ እናውቃለን።»

«ማን ነገራችሁ?»

«አንተ ነሃ! ስትደውልላት እነዚህ ሁሉ ክፍሉ ውስጥ ነበሩ። እኔ ደግሞ መስኮቱ ተዘግቶም እያንዳንዷን ቃል ሰምቼሃለሁ። ቤቴ እንዳትመጪ አላልካትም?»

ላብ አጠመቀኝ። ለካ ዳኛው ማን አስቸኮለሽ ሲላት ያውቅ ነበር። ሁሉም ያውቁ ነበር። ትንፋሼን ውጬ ምስጢሬ እንዳይወጣ ስፈራ የነበረው እኔ ብቻ ነኝ። እነሱ ደግሞ ምራቴን አላፋጠጧትም፣ ስሜንም አላነሱም። ጡሩንባ ይምጣ ብለው የጠሩኝ ለመርፌው ብቻ አልነበረም፤ እኔው በአፌ እንድለው ነው። በር ከፍተው ሲጠብቁኝ እኔ ከቧንቧ ጋር ተሸጉጫለሁ።

ግድግዳውን ይዤ ቀና አልኩ። ጭንቅላቴ በመስኮቱ ብቅ ሲል ሁሉም ዞሩ። ምራቴ እጇን አፏ ላይ አደረገች። መጮህ ፈልጌ ነበር፤ የወጣው ግን የደከመ ሰው ድምፅ ነው።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ደዋውዬ ያስወጣኋት እኔ ነኝ። ልብስ ሰፊውንም ማስኩን አውልቄ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ውጪ ነው የሚቀመጠው ብዬም ዋሽቻታለሁ።» እዚህ ላይ ልተወው እችል ነበር፤ ቀሪውን የሚያውቅ እዚያ ክፍል ውስጥ ከእሷ በቀር አልነበረም፣ እሷ ደግሞ አትናገርም። «ትናንት መጥታ ስትነግረኝ ደግሞ፣ አትንገሪያቸው፣ ዝም በይ ብያታለሁ።»

ዳኛው ኮፍያውን አወለቀ። «ዝም በይ አልካት?» አለ በቀስታ። «ይህንን አላወቅንም።»

«ይህንን አላወቅንም» አለ ሌላው ከኋላው።

ወደ ልብስ ሰፊው መዞር አቃተኝ። ስልኩን ሰምቶ ይቅር ብሎኛል፣ ውሸቴንም ሸፍኖልኛል። ይህ ግን የሱ ሳንባ ነው። በሱ ሕይወት ነው ስሜን ላተርፍ የነበረው። ፉጨቱን ብቻ እሰማለሁ። ወንበሩን ወደ መስኮቱ አስጠጋና ተቀመጠ። የኮቱን እጅጌ አውልቆ የሸሚዙን ጠቀለለ፣ ክንዱንም በተከፈተው መስኮት ወደ ውስጥ አስገብቶ ደፉ ላይ አሳረፈው።

«ሲስተር፣ ስትመጣልሽ ከኔ ጀምሪ» አላት። «ዳኛው፣ አንተም ሳልህን ይዘህ ወደ በሩ ራቅ በል።»

ዳኛው አልተከራከረም። ምራቴ ማስክ ሰጠችው፣ አጥልቆ በሩ አጠገብ ተቀመጠ፣ እጅጌውንም ሰበሰበ። አንድ በአንድ ሁሉም ሰበሰቡ። ወደ እኔ ያየ የለም። ንፋሱ ከጋራዡ በኩል መጥቶ አንገቴን ይገርፈኛል፣ እኔ እዚያው ቆሜያለሁ። ልጄ፣ ይቅር በይኝ ልላት አፌን ከፈትኩ።

«ማስክህ የት አለ?» አለኝ ልብስ ሰፊው፣ ፊቱን ሳያዞር።

«የለኝም።»

በነፃ እጁ ከኪሱ የታጠፈች ማስክ አወጣና ዘረጋልኝ። ራሱ የሰፋት ናት፣ ጠርዟ ላይ የድሮው የደንብ ልብሳችን ጨርቅ አለባት። ተቀብዬ አፌንና አፍንጫዬን ሸፈንኩ።

ጠበቅን። ዶሚኖ የነካ የለም። አንዱ ሰዓቱን አየ፣ ሌላው አየ። ምራቴ ጠረጴዛው ጋ ቆማ ስልኳን በእጇ ይዛለች።

«ቆየች እኮ» አለ ዳኛው ከበሩ። «እስኪ ደውይላት።»

ምራቴ ቀና ብላ አየችኝ። ከትናንት ጀምሮ ዓይኔን ስታየኝ የመጀመሪያዋ ነው።

«አትደውይላት ልጄ» አልኩ።

«ምን አልክ?» አለ ዳኛው። «አልተሰማኝም።»

«አትደውይላት ነው ያልኩት» አልኩ። «በረዶው ላብ ሲያወጣ ትምጣ።»